ትምህርት 11፦ የጉግራ አሠራር

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
1. የአንድን ሥራ ሂደት በቅደም ተከተልና ከነምክንያቱ ለመግለጽ ትችላላችሁ።
2. ቦዝ አንቀጽንና «እንዳይ» የሚለውን ቅጥያ በዐረፍተ ነገር ውስጥ በትክክል ትጠቀማላችሁ።
3. በቤታችሁ የሚታወቅ አንድ ሙያ መርጣችሁ አሠራሩን በጽሑፍ ታሰፍራላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።
1. በቤታችሁ ለበዓል ብቻ የሚዘጋጅ ምግብ ምንድን ነው? አሠራሩን አሳምሮ የሚያውቀው ማን ነው? እርሱስ ከማን ተማረው?
2. ያ ሙያ በጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛልን? ካልሰፈረ፣ ባለሙያው ባይኖር ምን ይሆናል?

ለ. ምንባብ

ጉግራ

ኢምባካሲ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ፣ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ሰፊ አካባቢ ነው። በአየር የሚመጣ መንገደኛ ከናይሮቢ ምድር አስቀድሞ የሚረግጠው ይህንኑ ነው፤ የከተማይቱ ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በዚህ ነውና። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲከፈት በአካባቢው ስም ኢምባካሲ ይባል ነበር። በ1978 ግን በኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በጆሞ ኬንያታ ስም ተሰየመ።

ሆኖም ከአውሮፕላን በፊት በኢምባካሲ በኩል ያለፈ ሌላ መንገድ ነበር፤ እርሱም የባቡር ሐዲድ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከሞምባሳ ተነሥቶ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋው ይህ ሐዲድ በ1896 ተጀምሮ በ1901 ከሐይቁ ደረሰ። ናይሮቢም የተቈረቈረችው በ1899 ሐዲዱ ከሥፍራው ሲደርስ፣ የባቡር ሠራተኞች ማረፊያና የዕቃ ማከማቻ ሆና ነው። ሥራውን ያሠራው የእንግሊዝ መንግሥት በዚያን ጊዜ ይገዛት ከነበረችው ከሕንድ 32,000 የሚያህሉ ሠራተኞችን በውል አስመጥቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 2,500 ያህሉ ሐዲዱ ሳያልቅ ሞቱ፤ የሚበዙት ውላቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ 6,700 የሚያህሉት ግን በምሥራቅ አፍሪካ ቀሩ። ከምዕራብ ሕንድ፣ ከጉጅራትም፣ ብዙ ነጋዴዎች ባሕር ተሻግረው መጡ፤ ቤተሰቦቻቸውንም አስከተሉ።

ሰው አገር ሲለውጥ ከነቋንቋው፣ ከነሃይማኖቱና ከነምግቡ ይሻገራል። ዛሬ በናይሮቢ ጐዳና ላይ ቻፓቲ ወይም ባጅያ ገዝቶ የሚበላ ኬንያዊ የባዕድ ምግብ እበላለሁ ብሎ አያስብም። የኬንያ መንግሥትም በ2017 የእስያ ዘር ያላቸውን ዜጎቹን ከአገሪቱ ነገዶች እንደ አንዱ ቈጥሮ 44ኛ ነገድ አድርጓቸዋል።

ከሕንድ ከመጡት ምግቦች መካከል በጣፋጭ መሸጫ ቤቶች ቢሸጥም በየቤቱ መሠራቱ ያልቀረ አንድ አለ፤ ስሙም ጉግራ ነው። ጉግራ ከስሱ የስንዴ ሊጥ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተሠርቶ፣ ውስጡ በጣፋጭ ነገር ተሞልቶ፣ በቅቤ ወይም በዘይት የሚጠበስ ነው። የጉጅራት ሰዎች የሚያዘጋጁት በተለይ ዲዋሊ ለሚባለው የብርሃን በዓል ሲሆን፣ በዓሉ የሚውለው በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ነው። የዚሁ ምግብ ዘመዶች በሕንድ ልዩ ልዩ ክፍሎች ይገኛሉ። በሰሜን ሕንድ ጉጂያ ይባላል፤ በዚያም ሆሊ ለሚባለው የጸደይ በዓል ይዘጋጃል፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ የሚሞላው እየፈላ ውሃው ተኖ እንደ ሊጥ የጠጠረ ወተት ነው። በማሃራሽትራ ካራንጂ፣ በጎአ ኔቭሪ ይሉታል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይሆንበትም። ሳምቡሳን የማያውቅ የለም፤ በሐረርና በድሬዳዋ የሚታወቀው ሙሸበክም ሕንዳውያን ጃሌቢ ከሚሉት ጣፋጭ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

አሁን በኢምባካሲ በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ የሚኖሩ፣ ዘራቸው ከጉጅራት የሆነ አንዲት አያትና የልጅ ልጃቸውን በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። አያቲቱ በናይሮቢ ተወልደው ያደጉ ናቸው። የጉግራን አሠራር የተማሩት ከእናታቸው ነው፤ እናታቸውም ባሕር ከመሻገራቸው በፊት ከእናታቸው ተምረውታል። በዚያ ሁሉ ዘመን አሠራሩ አንድም ቀን በወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። «ስንት ዱቄት ይፈልጋል?» ሲባሉ «የሚበቃውን»፣ «ስንት ውሃ?» ሲባሉ «ሊጡ እሺ እስኪል» ብለው ይመልሳሉ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የአያቲቱ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊጡን መዳመጥ ቢችሉም፣ ብልኀት የሚጠይቀውን ጠርዝ መቈለፍ አቃታቸው። ስለዚህ ልጅቱ ደብተር ይዛ ከጐናቸው ተቀመጠችና የሚነግሯትን ጻፈች። የዲዋሊ ሳምንት በገባ ጊዜ፣ አያቷ ወደ ቤተ መቅደስ በሄዱበት ሰዓት፣ ሥራውን ብቻዋን ልትሞክር ተነሣች። ሃያ አራት ጉግራ ሠርታ ወደ ዘይቱ ከተተች። ዘጠኙ በመጥበሻው ውስጥ አፋቸውን ከፈቱ። የፈሰሰው ስኳር አረረ፤ ዘይቱ ጠቈረ፤ የቀሩትም ያረረ ያረረ ሸተቱ። ቤተሰቡ ለበዓሉ የገዛው ዘይት ሁሉ ተበላሸ።

አያቲቱ ሲመለሱ አልተቈጡም። ልጅቱ ግን ዕንባዋ ቀረረ።

«ባ፣ የነገሩኝን ሁሉ አድርጌያለሁ» አለች። ባ ማለት በጉጅራት ቋንቋ እናትን ወይም አያትን በአክብሮት መጥሪያ ነው።

«እስቲ ደብተርሽን አንብቢልኝ» አሏት።

«ሰሞሊናው በቅቤ ይታመሳል፤ ስኳርና ኮኮናት ይጨመርበታል፤ ሊጡ ተዳምጦ ይሞላል፤ ጠርዙ ይዘጋል፤ ከዚያ ይጠበሳል።»

«ስኳሩን መቼ ጨመርሽ?»

«ሰሞሊናው ከእሳት እንደ ወረደ።»

«ትኩስ ሳለ?»

«አዎ፣ ትኩስ ሳለ።»

አያቲቱ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ የእኔ ነው። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ እንዳለብሽ አልነገርሁሽም። እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ግን ረሳው» አሏት። በማግሥቱ ሌላ ዘይት ተገዛ፤ ሥራውም እንደ ገና ተጀመረ። ልጅቱ ግን በዚህ ጊዜ ደብተሯን በሁለት ዓምድ ከፈለችው። ከአንደኛው ራስ ላይ «ምን ይደረጋል?»፣ ከሁለተኛው ራስ ላይ «ስለ ምን?» ብላ ጻፈች። አያቷ በእጃቸው ስፍር የሚያውቁትንም በሚዛን እየለካች መዘገበች። ለሃያ አራት ጉግራ የሚያስፈልገው የሚከተለው ሆኖ ተገኘ።

ለሊጡ፦ 250 ግራም ፍርኖ ዱቄት፣ 60 ግራም ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ።

ለሙሌቱ፦ 150 ግራም ሰሞሊና፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ 40 ግራም ተፍቆ የደረቀ ኮኮናት፣ 40 ግራም የተከተፈ ኦቾሎኒ፣ ጥቂት ዘቢብ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል፣ 100 ግራም ልሞ የተፈጨ ስኳር።

ለመጥበሻ፦ ንጹሕ ዘይት።

ይህ ሁሉ ለኢምባካሲ ሰው ሩቅ አይደለም። ኮኮናቱ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ ይመጣል። ሄልንም ኬንያውያን በስዋሒሊ ኢሊኪ ብለው በሻይ ይጠጡታል። ሄል ከዝንጅብል ወገን የሆነ ተክል ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው ኮረሪማም የዚሁ ወገን ነው።

በመጀመሪያ ሊጡ ይዘጋጃል። ዱቄቱ ከነጨው በወንፊት ተነፍቶ፣ ቀልጦ ለብ ያለው ቅቤ ይፈስበታል። ከዚያም ቅቤው ከዱቄቱ ሁሉ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ በጣት ይታሻል። አንድ ጭብጥ አንሥቶ ሲጨብጡት ቅርጹን ከያዘ ቅቤው በቅቶታል፤ ከተበተነ ግን አልበቃውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በስንዴ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ውሃ ነክቷቸው ሲታሹ ግሉተን የሚባለውን እንደ ጅማት የሚሳሳብ ነገር ይሠራሉ። ለዳቦ ይህ መልካም ነው። ለጉግራ ግን ሊጡ እንዳይጐትት፣ ሲጠበስም አፍ ውስጥ የሚፈረከስ እንዲሆን ያስፈልጋል። ቅቤው አስቀድሞ ዱቄቱን ስለሚለብሰው ውሃው እንደ ልብ አይደርስበትም፤ ጅማቱም ይቀንሳል።

ቀጥሎ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። በዚህ ጊዜ ልጅቱ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ በመለኪያ ቀድታ ለአያቷ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሊጡን እየዳሰሱ ጨመሩና «በቃ፣ አሁን እሺ አለ» አሉ። ልጅቱ የተረፈውን ስትለካ 40 ሚሊ ሊትር ሆነ። «የሚበቃውን» ሲባል የኖረው ውሃ 110 ሚሊ ሊትር ያህል መሆኑ በዚያን ቀን ታወቀ። ሊጡ ከቻፓቲ ሊጥ ጠንከር ማለት አለበት። ተለውሶ ሲያበቃ ርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሠላሳ ደቂቃ ያርፋል፤ ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባልና።

ሊጡ ሲያርፍ ሙሌቱ ይሠራል። ቅቤው በለስላሳ እሳት ይቀልጥና ሰሞሊናው ይገባበታል። መዓዛው እስኪያውድና መልኩ ወርቃማ እስኪመስል ስምንት ወይም ዐሥር ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ እያማሰሉ ማመስ ይገባል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ኮኮናቱ፣ ኦቾሎኒው፣ ዘቢቡና ሄሉ ይጨመራሉ። ስኳሩ ግን ሁሉም ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ መግባት የለበትም። ስኳር በትኩስ ነገር ላይ ሲወድቅ ይሟሟል፤ ሙሌቱ ይረጥባል። ርጥበቱም በዘይት ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ጠርዙን ገፍቶ ይከፍተዋል። ዘጠኙ ጉግራ የተከፈቱት ስለዚህ ነበር። ልጅቱ ይህን በ«ስለ ምን?» ዓምድ ሥር ስትጽፍ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ከዚህ በኋላ ሊጡ በሃያ አራት እኩል ድቡልቡል ይከፈላል። እያንዳንዱ ድቡልቡል ዐሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ክብ እስኪሆን በመዳመጫ ይዳመጣል። የሚጠብቁት እንዳይደርቁ ጨርቅ ይሸፈኑ። በክቡ አንድ ወገን ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሌት ይደረግና ዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተዋል። ሙሌት የነካው ጠርዝ አይጣበቅምና። ጠርዙ በውሃ በራሰ ጣት ይታበሳል፤ ክቡ ለሁለት ይታጠፋል፤ በውስጡ የቀረው አየር በመዳፍ ቀስ ተብሎ ወደ ውጭ ይገፋል። አየር በሙቀት ስለሚነፋ፣ ታፍኖ የቀረ አየርም እንደ ርጥበቱ ሁሉ ጠርዙን ይከፍታል። በመጨረሻ ጠርዙ ተጫኖ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሹሩባ ይጐነጐናል።

የሥራው ጭንቅ ያለው በዚህ ነው። አያቲቱ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በልጅቱ እጅ ላይ አኑረው፣ አውራ ጣቷን እየመሩ፣ «ቈንጥጪ፤ እጠፊ፤ ተጫኚ» እያሉ አሳዩአት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጠማማ ወጡ። ከዐሥረኛው በኋላ ግን እጇ መንገዱን ያዘ።

ከዚያ መጥበስ ይከተላል። ዘይቱ ከመጥበሻው ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ ሲፈላ እንዳይገነፍል ነው። ሙቀቱም ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ይበጃል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ትንሽ ሊጥ ጥሎ ይፈትናል። ሊጡ ከሥር ተቀምጦ ከቀረ ዘይቱ ገና ነው። ወዲያው ተፈናጥሮ ወጥቶ ከጠቈረ እጅግ ግሏል። ጥቃቅን አረፋ እያወጣ በዝግታ ከተንሳፈፈ ግን ደርሷል። ጉግራው በአንድ ጊዜ ከአራት ሳይበልጥ ይገባል፤ ብዙ ከገባ ዘይቱ ይቀዘቅዛልና። እየተገላበጠም ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይቈያል። በጋለ ዘይት ቢጠበስ ውጩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ በቀዘቀዘ ዘይት ቢጠበስ ደግሞ ዘይት ይጠጣል።

ስለ እሳት አደጋም ልጅቱ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈች። ርጥብ እጅ ወይም ርጥብ ጭልፋ ከጋለ ዘይት አይቅረብ። የመጥበሻው እጀታ ወደ ውጭ አይዙር። ሕፃናት በአጠገቡ አይጫወቱ። ዘይቱ በእሳት ቢያያዝ ምድጃው ይጥፋ፤ መጥበሻውም በክዳን ይከደን፤ አየር ሲያጣ እሳቱ ይሞታል። ውሃ ግን ፈጽሞ አይጨመርበት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እዚያም በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል።

የተጠበሰው ጉግራ ዘይቱ እንዲጠፈፍለት በወረቀት ላይ ይደረደራል፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጣል። ትኩሱን የከደኑት እንደ ሆነ ላቡ መልሶ ያለሰልሰዋል። በናይሮቢ ዲዋሊ የሚውለው አጭሩ የዝናብ ወራት በሚጀምርበት ሰሞን ስለሆነ አየሩም ርጥብ ነው። በደንብ ከተከደነ፣ እንደዚህ ያለው ደረቅ ሙሌት ያለው ጉግራ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይበላሽ ይቈያል። በወተት ሙሌት የተሠራው ግን ከጥቂት ቀን አያልፍም።

በዚያን ቀን ከሃያ አራቱ አንዱ ብቻ ተከፈተ። አያቲቱ ያንኑ አንሥተው ቀመሱት፤ «ስኳሩ ልክ ነው» አሉና ሌላ ምንም አልተናገሩም።

በዲዋሊ ለጐረቤት ጣፋጭ መላክ ልማድ ነውና ልጅቱ በማታ በየደጁ ሳሕን ይዛ ዞረች። በፎቁ ውስጥ ካምባ፣ ኪኩዩ፣ ሶማሌና ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ከጐረቤቶቹ አንዲት ሴት ሳሕኑን ሊመልሱ መጡና፣ «ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለው አያቲቱን ጠየቁ። አያቲቱ እንደ ወትሮው «የሚበቃውን ዱቄት» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ቃላቸውን ገታ አድርገው ወደ ልጅቱ አመለከቱ። ልጅቱም ደብተሯን ልታመጣ ሄደች።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ናይሮቢ የተቈረቈረችው መቼና በምን ምክንያት ነው?
2. በሐዲዱ ሥራ ላይ ከተሰማሩት የሕንድ ሠራተኞች መካከል ስንት ያህሉ በምሥራቅ አፍሪካ ቀሩ?
3. የሰሜን ሕንዱ ጉጂያና የጉጅራቱ ጉግራ በበዓላቸውና በሙሌታቸው የሚለያዩት እንዴት ነው?
4. ልጅቱ መጀመሪያ የሠራቻቸው ጉግራዎች ስለ ምን ተከፈቱ? ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ አስረዱ።
5. አያቲቱ «እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ግን ረሳው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
6. ልጅቱ የውሃውን መጠን ያወቀችበት ዘዴ ምንድን ነው? አያቷን በቀጥታ ብትጠይቃቸው ኖሮ ታገኘው ነበርን?
7. በእሳት የተያያዘ ዘይት ላይ ውሃ መጨመር የማይገባው ስለ ምንድን ነው?
8. በምንባቡ መጨረሻ አያቲቱ ሊናገሩ ጀምረው ወደ ልጅቱ ያመለከቱት ለምን ይመስላችኋል?

መ. ቃላት

የሚከተሉትን ቃላት ከነፍቻቸው አጥኑ፤ በእያንዳንዱም አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሙሌት፦ በአንድ ነገር ውስጥ እንዲሞላ የተዘጋጀ ነገር
ሰሞሊና፦ ሸካራ ሆኖ የተፈጨ የስንዴ ዱቄት
ማመስ፦ በምድጃ ላይ እያማሰሉ መቍላት
መዳመጥ፦ ሊጥን በመዳመጫ እየተጫኑ ማሳሳት
ጠርዝ፦ የአንድ ነገር ዳር፣ ጫፍ
መጐንጐን፦ እንደ ሹሩባ እያጠላለፉ መሥራት
ተቈረቈረ፦ (ለከተማ) ተመሠረተ
መጥፈፍ፦ ፈሳሽን ቀስ በቀስ ማንጠብና መድረቅ

ሠ. ሰዋስው

1. ቦዝ አንቀጽ

ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር የማይዘጋ፣ ሌላ ማሰሪያ አንቀጽ የሚጠብቅ ግሥ ነው። በአሠራር ገለጻ ውስጥ የሥራዎችን ቅደም ተከተል ለማመልከት እጅግ ይጠቅማል።

ምሳሌ፦ ልጅቱ ዱቄቱን ነፍታ፣ ቅቤውን ጨምራ፣ በጣቷ አሸችው።

በዚህ ዐረፍተ ነገር «ነፍታ» እና «ጨምራ» ቦዝ አንቀጾች ሲሆኑ፣ «አሸችው» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ማሰሪያው ባይኖር አንባቢው «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል።

መልመጃ 1፦ በቅንፍ ያሉትን ግሦች ወደ ቦዝ አንቀጽ ለውጡ።
ሀ. አያቲቱ ሊጡን (ዳሰሱ) «በቃ» አሉ።
ለ. ሰሞሊናው (ታመሰ) ከእሳት ወረደ።
ሐ. ልጅቱ ደብተሯን (ገለጠች) ምክንያቱን ጻፈች።
መ. ጐረቤቶቹ ጉግራውን (ቀመሱ) አመሰገኑ።

2. «እንዲ» እና «እንዳይ»

«እንዲ» ከግሥ በፊት ሲገባ የሚፈለግን ውጤት፣ «እንዳይ» ደግሞ የማይፈለግን ውጤት ያመለክታል።

ምሳሌ፦ ዘይቱ እንዲጠፈፍ ጉግራው በወረቀት ላይ ይደረደራል።
ምሳሌ፦ ጠርዙ እንዳይከፈት በውሃ ይታበሳል።

ልብ በሉ! የአሠራር ገለጻ ምክንያት ሲጐድለው አንባቢውን ያሳስታል። «ስኳሩ ይጨመራል» የሚለውና «ሙሌቱ እንዳይረጥብ፣ ስኳሩ ሁሉም ነገር ከቀዘቀዘ በኋላ ይጨመራል» የሚለው የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ምን እንደሚደረግ ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን መቼና ስለ ምን እንደሚደረግ ጭምር ያስተምራል።

መልመጃ 2፦ የሚከተሉትን በ«እንዲ» ወይም በ«እንዳይ» አሟሉ።
ሀ. ሊጡ ________ (ደረቀ) ጨርቅ ይሸፈናል።
ለ. ሊጡ ________ (ፈረከሰ) አስቀድሞ በቅቤ ይታሻል።
ሐ. ዘይቱ ________ (ገነፈለ) ከመጥበሻው ግማሽ አያልፍም።

ረ. ጽሕፈት

1. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ካሉ ታላላቆች መካከል አንድ ባለሙያ ምረጡ። ሙያው የድፎ ዳቦ አጋገር፣ የጭኮ አዘገጃጀት፣ የጠላ አጠማመቅ፣ የስፌት ሥራ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል።
2. ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ሆናችሁ ተመልከቱ። «በዓይን» ወይም «በእጅ» የሚለካውን ነገር ሳታስተጓጕሉት በስፍር ወይም በሚዛን ለኩና መዝግቡ።
3. ደብተራችሁን እንደ ልጅቱ በሁለት ዓምድ ከፍላችሁ «ምን ይደረጋል?» እና «ስለ ምን?» በሚሉ ርእሶች ሥር ጻፉ። ምክንያቱን ያላወቃችሁትን ባለሙያውን በትሕትና ጠይቁ።
4. የጻፋችሁትን ሁለት ገጽ በማያልፍ ድርሰት አቀናብሩ። ከዚያም ሙያውን ለማያውቅ አንድ ጓደኛችሁ አንብቡለት። ግራ የገባው ቦታ ካለ እዚያ ላይ የጐደለ ነገር አለና አርሙት።
5. የታረመውን ድርሰት በንጹሕ ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለመምህራችሁ አቅርቡ፤ ሌላውን ለባለሙያው ስጡ።